ዋንዛ ለምሽግ

የካቲት 4 ቀን 1980፣ ሰቃ

ይህ ደብተር ለዝናብ መዝገብ ተብሎ የተላከ ነው። ሁለት ልከው አንዱ ስለተረፈ ለራሴ አደረግሁት። የመንግሥት ንብረትን ለግል ጥቅም ማዋል ይባላል። ከዚህ በታች የሚጻፈው ሁሉ በዚህ ጥፋት ላይ የቆመ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። አንባቢ ደግሞ ከባለቤቴ ከተናኘ ሌላ ማን አለ? ተናኘ ሆይ፣ ካገኘሽው መልሰሽ ቦታው አስቀምጪው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያውን አየሁ። ዜሮ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ በዚያው ሰዓት አንድ ቆርቆሮ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ አያለሁ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «የአየር ሁኔታ ታዛቢ ነኝ» እላለሁ። ተናኘን ሲጠይቋት «ቆርቆሮ ያያል» ትላለች።

የካቲት 9

ዘነበ። 11 ሚሊሜትር። ቡናውን የሚያስፈነዳው ዝናብ ይኸው ነው፤ በሳምንቱ ጫካው ነጭ ይለብሳል።

አባቦራ መጡ። ጎረቤቴ ናቸው፤ የመሥሪያ ቤታችን አጥር ከቡናቸው ጋር ይዋሰናል። አጥሩ መስመር ላይ ከአባታቸው የወረሱት ትልቅ ዋንዛ አለ። እሳቸው ወዴሳ ይሉታል። እኔ ማንጠልጠያዬ እለዋለሁ፤ ጠዋት ለብሼ የምወጣውን ካፖርት የምሰቅልበት ምስማር እሱ ላይ ነው። በ69 ዓ.ም. ሰቃ በገባሁ በሳምንቱ መዶሻ ባጣ በድንጋይ መታሁት፤ ወደ ግራ ተጣሞ ቀረ።

አባቦራም ዝናብ ይለካሉ። ሌባ ጣታቸውን ቡናው ስር አፈር ውስጥ ይሰኩና እርጥበቱ ስንት አንጓ እንደገባ ያያሉ።

«ያ ለይኩን፣ ቆርቆሮህ ስንት አለ?»

«አሥራ አንድ።»

«የኔ ሁለት አንጓ ይላል። ማነው የሚዋሸው?»

«ሁለቱም እውነት ነው አባቦራ። የኔ የወደቀውን ነው የሚለካው፣ የእርስዎ የገባውን።»

«ኤዬ፣ ቡና የሚጠጣው የገባውን ነው ካ» ብለው ሄዱ። ሳይንስን በጣታቸው የሚያሸንፉ ሽማግሌ ያበሳጫሉ።

የካቲት 18

አበባው ፈነዳ። ቢሮው ሁሉ አበባ አበባ ሸተተ። ተናኘ ብቻ አልተደነቀችም፤ «ጅማ ብንሆን ኖሮ መብራት እንኳ እናይ ነበር» አለች። ዝውውር ከጠየቅሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የስድስቱም ማመልከቻዎች ቅጂ አለኝ። የመጀመሪያው ላይ «በታላቅ አክብሮት» ብዬ ነበር፤ ስድስተኛው ላይ «በአክብሮት» ብቻ ነው።

የካቲት 24

ሥራ ስላልነበረኝ የመለኪያውን መመሪያ አነበብሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ከዛፍ ያለው ርቀት ቢያንስ የዛፉ ቁመት እጥፍ መሆን አለበት ይላል። ዋንዛው ሃያ ሜትር ነው። ስለዚህ ቆርቆሮዬ አርባ ሜትር መራቅ ነበረበት። የራቀው አራት እርምጃ ነው።

ያኔ እዚያ ያቆምኩት ከበረንዳው ስለሚቀርብ ነው። ወዲያ ማዶ ሣሩ ረጅም ነው፣ ጫማ ያበሰብሳል። ዋንዛው መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል፣ ለቆርቆሮው የተረፈውን ያንጠባጥባል። የሰቃ ዝናብ ተብሎ በየወሩ ወደ ላይ የሚሄደው እንግዲህ የዋንዛው ትራፊ ነው። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ተቆጣጣሪ መጥቶ አላየም። ማንም ያላየው ስሕተት ስሕተት ነው ወይስ አሠራር?

መጋቢት 15

ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ማርሽ ብቻ ነው። ማርሽ ሲበዛ ነገር አለ ማለት ነው። ሻይ ቤት አንዱ ለጓደኛው «ሰሜን ላይ ተበልተናል» ሲል ሰማሁ፤ ሲያየኝ ስለ በሬ ማውራት ጀመረ።

ለአባቦራ ነገርኳቸው፤ አልሳቁም። ልጃቸው ቲጃኒ በብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ስምንት ወሩ። ሚስታቸው ዘይቡ ፖስታ ቤት የምሠራ ይመስል ባየችኝ ቁጥር እጄን እጄን ታያለች።

መጋቢት 25

ስብሰባ። አራት ሰዓት ከሩብ የፈጀ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!»

ሁሉም ነገር ሲባል ሁሉም ነገር ነው፦ ደረቅ ስንቅ፣ ብርድ ልብስ፣ ከረጢት፣ እንጨት። የግንባር ድጋፍ አስተባባሪ ኮሚቴ ጸሐፊው ጓድ ሽበሺ ነው። በደረት ኪሱ ሦስት እስክርቢቶ ይሰካል፤ የሚጽፈው ግን ሲለምን በሚያገኘው አራተኛ ነው። የቡና ጥላ ዛፎች ለምሽግ እንደሚፈለጉ ነገረን። አንድ ገበሬ ተነሥቶ ቡናው ያለ ጥላ እንደሚቃጠል ሲናገር ጓድ ሽበሺ ፈገግ አለ።

«ጓዶች! ዛፉ ምንድን ነው? ከላይ ቆሞ ፀሐዩን ለብቻው ይበላል። ዝናቡን መጀመሪያ እሱ ይጠጣል። ቡናው ከስሩ ጎንበስ ብሎ ያመርታል። ዛፉ ባላባት ነው! ቡናው ጭሰኛ ነው! እኛ ደግሞ መሬት ላራሹ ያልን ሕዝብ ነን!»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ በረዶ ሆኖ ነበር፣ ሞቀልኝ።

መጋቢት 28

ረቡዕ ነው፣ የሕማማት ሰሞን። ይሁዳ የተዋዋለበት ቀን ነው ትላለች ተናኘ፤ ስለዚህ ዛሬ እጅ እንኳ አትጨብጥም።

ጓድ ሽበሺ ቢሮዬ መጣ። ከአባቦራ ተዳፋት ላይ ሠላሳ አራት ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ የቡናና የደን ሰዎች እንዳያጉረመርሙ «ሳይንሳዊ ማረጋገጫ» እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። በወረዳው ሳይንስ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው አለ። ቆርቆሮዬን በመስኮት ስናየው ቆየን።

ከዚያ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ የዝውውር ጥያቄዬ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አነሣልኝ። ጅማ ውስጥ፣ ቦሳ ኪቶ፣ ኮሚቴው የሚያሳድሰው አንድ ቤት አለ አሉ፤ ሁለት ክፍል፣ መብራት ያለው።

ሁለቱ ነገሮች ግንኙነት የላቸውም። በአንድ ትንፋሽ የተነገሩት ሰውዬው ስለሚቸኩል ነው።

ሚያዝያ 4

ፋሲካ አለፈ። ጥናቱን ጻፍሁ። አንድ ገጽ ተኩል። ዋናው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «የጥላ ዛፎቹ መቆረጥ የአካባቢውን ዝናብ እንደሚቀንስ የሚያሳይ መረጃ በጽሕፈት ቤቱ የለም።»

ቃል በቃል እውነት ነው። መረጃ የለንም። የሌለን ስላልሰበሰብን ነው፤ ያንን ደግሞ የጠየቀኝ የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት እንዲለቀም የሚፈልግ ራሱ ይልቀም።

ተናኘ ፊርማዬን አይታ «ዛሬ አምሮብሃል» አለች። ረዘም አድርጌ ፈርሜ ነበር።

ሚያዝያ 7

ዛሬ የማልወደውን ሥራ ሠራሁ። በእርጋታ ልጻፈው።

ጓድ ሽበሺ አባቦራ እምቢ እንዳሉት ነገረኝ። በጉልበት ማስቆረጥ ይችላል፤ ግን «በሕዝቡ ሙሉ ፈቃድ» ተብሎ ሪፖርት እንዲጻፍ ይፈልጋል። ወዳጃቸው አንተ ነህ፣ ሂድ አነጋግራቸው አለኝ። ሄድኩ። ዋንዛው ስር ካፖርቴን ሰቅዬ ተቀመጥኩ።

«ወዴሳ ለምሽግ?» አሉ አባቦራ። «ወዴሳ ቁም ሳጥን ይሠሩበታል፣ በር ይሠሩበታል። ወታደሩ ምን ሊሆን ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ሊገባ?»

ሳቅሁ። እሳቸው ሳይስቁ ጠበቁኝ። ምን ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ መንገድ ላይ እየመጣሁ አዘጋጅቼው ነበር። እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። በድንገት ከአፌ ያመለጠ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

«አባቦራ፣ ምሽግ ጣራ ያስፈልገዋል። መድፍ ሲወድቅ ከላይ ጠንካራ እንጨት ከሌለ አፈሩ ይደረመሳል። ቲጃኒም ያለው እንደዚያ ያለ ምሽግ ውስጥ ነው።»

ዘይቡ በቆሎ ትፈለፍል ነበር፤ እጇ ቆመ። አባቦራ ዋንዛውን ወደ ላይ አዩት።

«ይሄ እንጨት ልጄ ጋ ይደርሳል?»

«እዚያው ግንባር ነው የሚሄደው።»

«በእምነትህ ማል።»

አልማልኩም። በአዎንታ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ጭንቅላት መነቅነቅ መሐላ አይደለም፤ ይህን ማንኛውም ቄስ ይመሰክራል።

«ለቲጃኒ ከሆነ ይቆረጥ» አሉ። «ወላሂ፣ እሱን የሚያስጥል ከሆነ ሥሩንም ይውሰዱት።»

ስነሣ ዘይቡ ካፖርቴን ከምስማሩ አውርዳ አቀበለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሚያዝያ 14

መቁረጥ ተጀመረ። ረመዳን ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ አባቦራ ጾማቸውን ይዘው አጥሩ ላይ ተደግፈው ያያሉ። አንድ ዛፍ በወደቀ ቁጥር ስሩ ያለው ሃያ ሠላሳ የቡና እግር አብሮ ይደቅቃል። ያ በሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ሚያዝያ 19

ዛሬ የትልቁ ዋንዛ ተራ ነበር። ወድቋል። ካፖርቴን ተሸክሜ ዋልኩ።

ሚያዝያ 23

ሰንጣቂው አልዓዛር ይባላል፣ ከከምባታ የመጣ ነው። የጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ መዝሙሩን መጋዙ ድምፅ ውስጥ ደብቆ ያዜማል። ጓድ ሽበሺ «ምንድን ነው የምትለው?» ሲለው «ሥራ ማቅለያ ነው ጌታዬ» አለው፤ ውሸትም አይደለም።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ መጋዙ ጮኸና ቆመ። አልዓዛር እየተራገመ፣ በኋላም በእርግማኑ ንስሓ እየገባ መጣ።

«ማነው እዚህ ዛፍ ላይ ምስማር የመታው? ሦስት ጥርስ በላብኝ!»

«እንጃ» አልኩት።

«ዛፉ ግማሹን ውጦታል እኮ። ስንት ዓመት ቢሆነው ነው? ብነቅለው ጣውላው ይሰነጠቃል።» ዙሪያውን በመጥረቢያ ልጦ ምስማሩን እንዳለ ተወው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አቶ ለይኩን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለምሽግ ነው ያሉት አይደል? ታዲያ ለምን በሦስት ሳንቲም ውፍረት ሰንጥቅ አሉኝ? ይሄ እኮ የበር ጣውላ ነው።»

«የምሽግ በር ይሆናል» አልኩት።

አየኝ። መጋዙን መሞረድ ጀመረ።

ግንቦት 3

38 ሚሊሜትር!

ሁለት ጊዜ ለካሁ። በአሥራ አንድ ዓመት መዝገቤ በአንድ ቀን ከ24 በላይ አይቼ አላውቅም። ትናንት የጣለው ደግሞ ከወትሮው የተለየ አልነበረም።

ገባኝ። ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። ዝናቡ አልጨመረም። ከቆርቆሮው በላይ የነበረው ጃንጥላ ነው የተነሣው።

ነገ ለበላይ መሥሪያ ቤት እጽፋለሁ። ቆርቆሮው የቆመበት ቦታ ስሕተት እንደነበር፣ የድሮውም ቁጥር እንደማይታመን፣ የአሁኑም ከድሮው ጋር እንደማይወዳደር።

ግንቦት 5

አልጻፍኩም። ጣቢያው እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነበር። እንግዳው አልመጣም።

ግንቦት 9

ኢድ። አባቦራ ቤት ሄጄ እንኳን አደረሳችሁ አልኩ። ቤቱ ከዋንዛው ሥር ነበር፣ አሁን ከሰማይ ሥር ነው። በረንዳዬ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ በዚህ ሰሞን 27 ነበር የሚለው፤ 31 ይላል። ድሮ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ዛፎቹ ላይ አርፎ እስከ አራት ሰዓት ያንጠባጥብ ነበር፤ አሁን ማረፊያ ስለሌለው ዝም ብሎ ያልፋል።

አባቦራ ወደ ቡናው ወሰዱኝ። ቅጠሉ ቢጫ ነው፣ ጫፉ ተቆልቷል። የቋጠረው ፍሬ ከስሩ ረግፎ አፈሩን ጥቁር አድርጎታል። ጣታቸውን ሰኩ። አልገባም። ገፋ አደረጉ።

«ቆርቆሮህ ስንት አለ?»

«ሠላሳ ስምንት። ትናንት ደግሞ ሃያ ዘጠኝ።»

ጣታቸውን አሳዩኝ። ጥፍሩ ብቻ ነው የረጠበው።

«የኔ ግማሽ አንጓም አልሞላ» አሉ። «ያ ለይኩን፣ ድሮ ዝናቡ ቅጠል ለቅጠል ወርዶ፣ በግንዱ ተንሸራቶ በቀስታ ነበር የሚገባው። አሁን መሬቱን በጥፊ መትቶ ይሮጣል። ቀዩን አፈር ይዞብኝ ወደ ወንዝ ይሄዳል።» ከዚያ ስለ ኢዱ ብለው ተዉት፤ ቴምር አበሉኝ።

ግንቦት 23

ስብሰባ። አምስት ሰዓት።

ጓድ ሽበሺ የግንቦትን ቁጥር ከመዝገቤ ወስዶ ካለፉት ዓመታት ጋር አወዳደረው፦ አርባ አንድ በመቶ ጭማሪ። የሰቃ ሰማይ ከዕቅድ በላይ ፈጽሟል። በማይክራፎን እንዲህ አለ፦ «ጠላት ጦርነቱ አገሪቱን ያደርቃታል ይለናል። እነሆ ለግንባር ዛፍ ቆረጥን፣ ዝናብ ጨመረ! ባላባቱ ሲወገድ ዝናቡ በቀጥታ ለጭሰኛው ደረሰ!» ከዚያ እኔን አስነሥቶ አስጨበጨበልኝ። ቆሜ ጎንበስ አልኩ። ለምን ጎንበስ እንዳልኩ አላውቅም፤ ወገቤ ከእኔ በፊት ፈረሰ።

ተሞክሮው ወደ ጎማና ወደ አጋሮ እንዲሰፋ ሐሳብ ቀረበ። ውሳኔው ሰኔ 25 ነው። የሚያያዘው ሰነድ የእኔ አንድ ገጽ ተኩል ነው።

ስንበተን ዘይቡ በር ላይ ጠበቀችኝ። እንስራዋን ይዛለች። የምንጩን ውኃ አሳየችኝ፤ ከላይ የታጠበው አፈር ሞልቶት ውኃው የጡብ ቀለም አለው።

«ዝናብ ጨመረ ብላችሁ በማይክራፎን ነገራችሁን» አለች። «የት አስቀመጥከው ታዲያ? ትንሽ ስጠኝ።»

እንስራዋን አዝላ ሄደች።

ግንቦት 24

ነገ እጽፋለሁ።

ሰኔ 4

ጻፍሁት! «ጉዳዩ፦ የዝናብ መለኪያው ስለቆመበት ቦታ።» ሦስት ጊዜ ገለበጥሁት። የመጀመሪያው በጣም እውነተኛ ነበር፤ ሁለተኛው ጥፋቱን ለቆርቆሮው ሰጠ። ሦስተኛው ደህና ነው፦ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ቁጥሩ አይታመንም፣ በዚህ ቁጥር ተነሥታችሁ ዛፍ እንዳታስቆርጡ ይላል። አጣጥፌ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩት።

እልከዋለሁ። የሚያዘገየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን ደብዳቤ የላከ ሰው የአሥራ አንድ ዓመት ደመወዝ የበላው ለምን እንደሆነ ይጠየቃል።

ሰኔ 8

ዝናብ ስለነበር አልወጣሁም። (33 ሚሊሜትር።)

ሰኔ 11

ፖስታ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ጓድ ሽበሺ ከውስጥ ሲወጣ አገኘሁትና ቴምብር ልገዛ ነው አልኩት። አንድ ቴምብር ሰጠኝ። አመሰገንኩ። ጥሩ ሰው ነው በአንዳንድ በኩል።

ሰኔ 16

ዝውውሩ መጣ! ጅማ፣ ከነቤቱ። ተናኘ እልል ስትል ጎረቤት ልጅ የተወለደልን መስሎት መጣ። የሰባት ዓመት ጥያቄ ነው (ስድስት ጽፌ ነበር፣ ሰባት ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው)። በአገልግሎት ዘመን ያገኘሁት ነው። ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የለውም።

ደብዳቤውን ጅማ ሄጄ ብሰጥ ይሻላል። በእጅ መስጠት ክብር አለው። ውሳኔው ገና ዘጠኝ ቀን አለው።

ሰኔ 22

ዕቃ ጫንን። አባቦራ ሊሸኙን መጡ። አንድ ቅል ማር ሰጡኝ።

«የወዴሳ አበባ ማር ነው። የመጨረሻው ነው፤ ንቦቹ ሄደዋል።»

እንዴት እንደምቀበል አላወቅሁም፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ጅማ ትልቅ ቢሮ አለ አይደል አሉኝ። አለ አልኩ። «እንግዲያ የቲጃኒን ነገር ጠይቅልኝ። እንጨቱ ደርሶ እንደሆነም ጠይቅልኝ።» ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ይህ አንገቴ አንድ ቀን ይቀሠፋል።

ሰኔ 23፣ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ መብራት አለው፣ ይጠፋል ግን አለው። ተናኘ ማብሪያውን እያበራችና እያጠፋች ዋለች። በሩ አዲስ ነው።

ሰኔ 24

በሩ ዋንዛ ነው።

ትናንት አይቼዋለሁ፤ ትናንት ላለመጻፍ ነው ስለ መብራት የጻፍሁት። የዳር ጣውላ ነው፣ ያልለሰለሰ፤ ደህና ደህናው ለትልልቅ ሰዎች ቁም ሳጥን ሆኖ ለእኔ ጠርዙ ደረሰኝ። በውስጥ በኩል፣ ከትከሻዬ ከፍ ብሎ፣ ምስማር አለ። አናጢው መላጊያውን ላለመስበር ዙሪያውን ትቶታል። ግማሹ ተውጧል። ጫፉ ወደ ግራ የተጣመመ ነው።

በዓለም ላይ ወደ ግራ የተጣመመ ምስማር ብዙ ነው አልኩ ለራሴ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ተናኘ የደስታ መሰላት።

«ደግ አናጢ ነው፣ መስቀያ ሳይቀር ሠርቶልናል» ብላ ካፖርቴን ሰቀለችው። ልክ በቁመቴ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ክንዴ የለመደው ቁመት።

የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይላል ያገሬ ሰው። ይህ ግን የአባቦራ አባት ቤት ነው።

ሰኔ 26

ውሳኔው ትናንት አለፈ። ጎማም አጋሮም። ደብዳቤውን ሰኔ 25 ጠዋት ልሰጥ ተነሥቼ ነበር፤ ቢሮው ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ። የተሰበሰቡት ለእሱው ነበር።

አሁንም ቢሆን አልረፈደም። ውሳኔ ማለት መቁረጥ ማለት አይደለም። ደብዳቤ ደርሶ ያስቆመው ብዙ ነገር አለ። ነገ ጠዋት።

ሐምሌ 6

በጅማ መርካቶ በኩል ሳልፍ ከአጋሮ አቅጣጫ የመጡ አራት የጭነት መኪናዎች አየሁ። ግንድ። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚል ጨርቅ ጎናቸው ላይ ተወጥሯል። ወደ ሰሜን የሚወስደውን መንገድ ትተው ወደ አናጢዎቹ ሰፈር ታጠፉ። አንድ ተሸካሚ ለጓደኛው «ግንባሩ ቀረበ መሰለኝ» አለው። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ሳሉን አስመሰልኩት።

ሐምሌ 13

ነገ።

ሐምሌ 19

አባቦራ መጡ።

ከሰቃ በእግራቸው፣ በዝናብ፣ የቲጃኒን ወሬ ብለው። ተናኘ ናት በሩን የከፈተችው። ጋቢያቸው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ወለላችንን ላለማበላሸት እግራቸውን ያብሳሉ። ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ግን ተናኘ ቀደመችኝ።

«ኧረ ይግቡ አባቦራ! ጋቢውን ይስጡኝ፣ ይንጠፍጠፍ። እዚህ ምስማሩ ላይ እንስቀለው» ብላ ካፖርቴን አወረደች። በሩንም ምስማሩ እንዲታያቸው ወደ እሳቸው መለሰችው።

ጋቢያቸውን ሊሰቅሉ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሌባ ጣታቸውን ምስማሩ ላይ አደረጉ፣ የታጠፈበት ላይ፣ እንደ ቡናው አፈር በቀስታ። ጣውላውን አሸተቱት። ተናኘ እኔን አየችኝ፤ ምን ሆኑ በሚል ዓይን።

«አባቦራ» አልኩ። አንድ ወር ተኩል ኪሴ ውስጥ የተጻፈ ነገር ነበረኝ፤ የተናገርኩት ስማቸውን ብቻ ነው።

«ወደ ግራ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ዞር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ልጄ ከምን ሥር ነው ያለው?»

ጋቢያቸውን እንደረጠበ ትከሻቸው ላይ መልሰው ወጡ። እስከ አጥሩ ተከተልኳቸው። ስማቸውን ጠራሁ፤ በዝናቡ አልሰሙኝም ይሆናል። ሰምተዋል።

ስመለስ ተናኘ በሩን ዘግታው ነበር። ካፖርቴን ቦታው መልሳ ሰቅላለች። ደብዳቤው አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው፤ ዳሰስኩት፣ ጓድ ሽበሺ የሰጠኝ ቴምብር ሳይቀር አለ።

ነገ እልከዋለሁ።